በወረርሽኝ ጊዜ የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናቶችን ከኢንተርኔት ማግኘትና መመዘን፦ ለታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው

ወረርሽኝ ሲመጣ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ያነሣል። አንደኛው ስለ በሽታው ነው፤ በምን ይተላለፋል? ምልክቱ ምንድን ነው? መድኃኒትስ አለው? ሁለተኛው ስለ ኑሮ ነው፤ ለቅሶ እንዴት እንድረስ? የጽዋ ማኅበሩ ይሰብሰብ ወይስ ይቆይ? ጸበል የገቡት እናታችን መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ ምን እናድርግ? ያገገመውን ሰው ጎረቤት ቢሸሸውስ? የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው የሕክምና ሳይንስ ነው። ሁለተኛውን የሚያጠናው ማኅበራዊ ሳይንስ ነው።

ይህ ጽሑፍ ሁለተኛውን ዓይነት መረጃ ከኢንተርኔት እንዴት ማግኘትና እንዴት መመዘን እንደሚቻል ያስረዳል። ጽሑፉ የተዘጋጀው በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ በሞላሌ ከተማ ወይም በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የሚኖርን፣ በቤቱ ኢንተርኔት የሚሠራ አንድ ስልክ ያለውን ቤተሰብ በማሰብ ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከኮሮና (ኮቪድ-19) ወረርሽኝ የተወሰዱ ናቸው።

በአጭሩ

• ብዙ ጠቃሚ ጥናቶች በነጻ ይገኛሉ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው።
• አንድን ጥናት ከማመንዎ በፊት «የተጠየቁት እነማን ናቸው? እንደኛ ያለ ሰው አለበት?» ብለው ይጠይቁ።
• የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት የሰውን ኑሮ ያስረዳል፤ ሕክምና አያዝም። መድኃኒት ለመጀመር፣ ለመለወጥ ወይም ለማቆም ሁልጊዜ የጤና ባለሙያ ያነጋግሩ።

ማኅበራዊ ሳይንስ በወረርሽኝ ጊዜ ምን ይጠቅማል?

ማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ፣ ምን እንደሚያምኑ፣ ለምን እንደሚፈሩ፣ ገቢያቸውንና ጊዜያቸውን በምን ላይ እንደሚያውሉ የሚያጠና የእውቀት ዘርፍ ነው። የሥነ ሰብ (አንትሮፖሎጂ)፣ የሥነ ማኅበረሰብ (ሶሲዮሎጂ)፣ የምጣኔ ሀብትና የታሪክ ጥናቶች በዚህ ውስጥ ይገባሉ።

ጥቅሙ በግልጽ ከታየባቸው ጊዜያት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ከ11,000 በላይ ሰዎችን የገደለው የኢቦላ ወረርሽኝ ነው። በኢቦላ የሞተ ሰው አስከሬን በሽታውን ያስተላልፋል። ስለዚህ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች አስከሬኑን እየወሰዱ መቅበር ጀመሩ። ብዙ ቤተሰቦች ግን ሟቻቸው ያለ ወጉ መቀበሩን መሸከም አቃታቸው። አንዳንዶቹ ሕመምተኛን መደበቅ፣ በሌሊት መቅበር ጀመሩ። የሥነ ሰብ ባለሙያዎች ቤተሰቦችንና የሃይማኖት አባቶችን አነጋግረው፣ ቤተሰቡ ሳይነካ የሚያይበት፣ ጸሎት የሚደረስበት፣ መቃብሩ የሚታወቅበት አቀባበር ሊኖር እንደሚችል መከሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ደኅንነቱና ክብሩ የተጠበቀ አቀባበር መመሪያ አወጣ። ቀብር ለዘመድ ብቻ ሳይሆን ለእድርተኛው ሁሉ ጉዳይ በሆነበት በእኛ አገር፣ ይህ ትምህርት እንግዳ አይደለም።

ከአገራችን ደግሞ ሁለት ምሳሌዎች አሉ። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» ይባላል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድም ከዚያ ጊዜ ጋር ተያይዞ ይነገራል። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚህ በሽታ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1975 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት (ጆርናል ኦፍ ኢትዮፒያን ስተዲስ) ታትሟል። ሁለተኛው የኤችአይቪ ወረርሽኝ ነው። ቀብር ለማስፈጸም የተቋቋሙ እድሮች ሕሙማንን ወደ መርዳት እንዴት እንደተሸጋገሩ፣ ጸበልና መድኃኒት ጎን ለጎን እንዴት እንደሄዱ ብዙ ተጠንቷል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ መናገራቸው በእነዚህ ጥናቶች ይጠቀሳል። ዛሬ «ጸበል ወይስ መድኃኒት?» የሚል ክርክር ለገጠመው ቤተሰብ ይህ የሚጠቅም ታሪክ ነው።

የሚያገኟቸው የጥናት ዓይነቶች

የዳሰሳ ጥናት። ለብዙ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ በማቅረብ «ስንቶቹ?» የሚለውን ይመልሳል። ለምሳሌ ከመቶ ቤተሰብ ስንቱ ገቢው እንደቀነሰ ይነግርዎታል።

የቃለ መጠይቅና የውይይት ጥናት። ጥቂት ሰዎችን በጥልቀት በማነጋገር «ለምን?» እና «እንዴት?» የሚለውን ይመልሳል። 20 ሰዎችን ያነጋገረ ጥናት «አብዛኛው ሕዝብ እንዲህ ያስባል» ለማለት አይበቃም። አንድ ሰው ለምን ከጤና ጣቢያ እንደቀረ ግን ከማንኛውም ቁጥር የተሻለ ሊያስረዳ ይችላል።

የጥናቶች ቅኝት። ቀደም ሲል የተሠሩ ብዙ ጥናቶችን ሰብስቦ አንድ ላይ ይመዝናል። ጊዜዎ አጭር ከሆነ መጀመሪያ ቅኝት ይፈልጉ።

የት ይገኛሉ?

ከሚከተሉት ቦታዎች አብዛኞቹ ለንባብ ክፍያ አይጠይቁም።

ጉግል ስኮላር። የጥናት ጽሑፎችን ብቻ የሚፈልግ የጉግል አገልግሎት ነው። ከአንድ ጥናት ርዕስ ጎን ሙሉ ጽሑፉ በነጻ የሚገኝበትን መያዣ ያሳያል።

ፐብሜድ ሴንትራል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት የሚያስተዳድረው የነጻ ጽሑፎች ክምችት ነው። ስለ ፍርሃት፣ ስለ መገለል፣ ስለ ሕክምና ፍለጋ ልማድ የተጻፉ የኢትዮጵያ ጥናቶችም ይገኙበታል።

አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ ሲሆን በአፍሪካ የሚታተሙ መጽሔቶችን ይይዛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው የኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔትና በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ መጽሔት እዚያ አሉ።

የዩኒቨርሲቲዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ክምችት። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎችን በኢንተርኔት ያስቀምጣል። የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ጊዜ አንድን ወረዳ ወይም ከተማ ስለሚያጠኑ፣ ለአካባቢዎ የቀረበ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ።

የማኅበራዊ ሳይንስ በሰብአዊ ተግባር መድረክ። በኢቦላ ጊዜ ከተገኘው ልምድ የተወለደ፣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎችና ዩኒሴፍ የተሳተፉበት ሥራ ነው። ስለ ቀብር፣ ስለ ሃይማኖት አባቶች ሚና፣ ስለ ክትባት ጥርጣሬ አጫጭር ጽሑፎች ያወጣል። ለሠራተኞች የተጻፉ ቢሆኑም ቋንቋቸው ቀለል ያለ ነው።

የዓለም ባንክ የስልክ ዳሰሳ። በኢትዮጵያ ከሚያዝያ 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተሰቦችን በስልክ ደጋግሞ በመጠየቅ ስለ ሥራ፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ሕክምና ማግኘትና ስለ ትምህርት መረጃ ሰብስቧል። ሪፖርቶቹ ክፍት ናቸው።

ያንግ ላይቭስ እና ጌጅ። ያንግ ላይቭስ በኢትዮጵያ 3,000 ገደማ ልጆችን እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ እየተከታተለ ያለ ጥናት ሲሆን በ2020 በስልክ ጠይቋቸዋል። ጌጅ ደግሞ ደቡብ ጎንደርን ጨምሮ በተለያዩ ቦታዎች የሚኖሩ ወጣቶችን ያጠናል። ትምህርት ስላቋረጡ ልጆችና በቤት ሥራ ስለተጫኑ ልጃገረዶች ለሚጨነቅ ወላጅ ይጠቅማሉ።

ጄስቶር። የቆዩ መጽሔቶች ማከማቻ ነው፤ ከላይ የተጠቀሰው የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት እዚያ ይገኛል። ብዙው ክፍል በክፍያ ቢሆንም፣ በወረርሽኙ ጊዜ አንድ ሰው ተመዝግቦ በወር እስከ 100 ጽሑፍ በነጻ እንዲያነብ ፈቅዶ ነበር።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች። መድላይን ፕላስ በአማርኛ የተዘጋጁ የጤና ጽሑፎችን ይዟል። በሲያትል የተመሠረተው ኤትኖሜድ ደግሞ የኢትዮጵያውያንን ባህልና ጤና አያይዞ ያቀርባል። ባህልዎን ለማያውቅ ሐኪም ለማስረዳትም ይረዳል።

እንዴት ይፈለጋሉ?

1. ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ስለ ኮሮና» ብቻ አይበቃም። «የደም ግፊት ሕመምተኞች በወረርሽኙ ጊዜ ለምን ከክትትል ቀሩ?» የተሻለ ነው።

2. ሦስት ነገር ይያዙ፦ ጉዳዩን፣ ሕዝቡንና ቦታውን። በምሳሌው ጉዳዩ ከክትትል መቅረት፣ ሕዝቡ የደም ግፊት ሕመምተኞች፣ ቦታው ኢትዮጵያ ነው።

3. ቃላቱን ወደ እንግሊዝኛ የሚለውጥ ሰው ይፈልጉ። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ፣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ ሊረዳዎ ይችላል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሲመለሱ በብዙ ቤት እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

4. የአገር ቃላትን በተለያየ አጻጻፍ ይሞክሩ። «እድር»፣ «ጸበል»፣ «ለቅሶ» በላቲን ፊደል ሲጻፉ አንዱ ጸሐፊ ፊደሉን ያጠብቃል፣ ሌላው ያላላል። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። መንዝ ውስጥ ኖሮ ያጠናው አሜሪካዊ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ስሙን «ማንዝ» ብሎ ጽፎታል። በአንዱ አጻጻፍ ያጡትን በሌላው ያገኙታል።

5. ቦታውን ቀስ በቀስ ያስፉ። ሞላሌን ፈልገው ካጡ ወደ መንዝ፣ ቀጥሎ ወደ ሰሜን ሸዋ፣ ወደ አማራ ክልል፣ ወደ ኢትዮጵያ ያስፉት።

6. መጀመሪያ አኅጽሮቱን (አጭር ማጠቃለያውን) ያንብቡ። ከጥያቄዎ ጋር ካልተገናኘ ሙሉውን በማውረድ የስልክ ብርዎን አይጨርሱ።

በማሽን ትርጉም ሲያነቡ ይጠንቀቁ። «አይ-» የሚለው አሉታ ሊጠፋና ትርጉሙ ሊገለበጥ ይችላል። የዘመን አቆጣጠሩንም ያስታውሱ፤ ጥናቱ 2020 ሲል በእኛ 2012 ወይም 2013 ዓ.ም. ማለቱ ነው።

ያገኙትን እንዴት ይመዝናሉ?

የተጠየቁት እነማን ናቸው? ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የዓለም ባንክን የመጀመሪያ ዙር የስልክ ዳሰሳ እንውሰድ። 3,249 ቤተሰቦች መልሰዋል፤ ከእነዚህ 2,271 ከተሜዎች፣ 978 የገጠር ነዋሪዎች ነበሩ። አብዛኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ግን የሚኖረው በገጠር ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቀድሞ በተደረገው የ2011 ዓ.ም. የኑሮ ጥናት መሠረት ስልክ የነበረው ከአሥር የገጠር ቤተሰብ አራቱ ገደማ ብቻ ነው። አጥኚዎቹ ይህን በራሳቸው ሪፖርት አስታውቀዋል፤ ሚዛኑንም በስሌት ለማስተካከል ሞክረዋል። ስሌት ግን ያልተጠየቀን ሰው አያናግርም። ስለዚህ «የገጠር ቤተሰቦች እንዲህ አሉ» የሚል ሲያነቡ «ስልክ ያላቸው የገጠር ቤተሰቦች» ብለው ይረዱት። ስልክ የሌላቸው አያትዎ ወይም የጎረቤት እማወራ በዚያ ቁጥር ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ። ኑሮ የከበደው በብዛት በእነርሱ ላይ ሊሆን ይችላልና፣ ቁጥሩ «ደህና ነው» ቢል እንኳ ቤታቸው ሄደው ይጠይቋቸው።

ቦታው ምን ያህል ይመስላል? ደቡብ ጎንደር መንዝ አይደለም፤ ሆኖም ሁለቱም የአማራ ክልል አርሶ አደሮች የሚኖሩባቸው ናቸው። ስለ ለቅሶ ወይም ስለ ልጃገረዶች ሥራ የተገኘው ሊቀርብዎ ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ታክሲ ሰልፍ የተጠናው ግን ለደጋ ቀበሌ ብዙም አይነግርም።

መቼ ተጠየቁ? በወረርሽኝ ጊዜ የሰው ሐሳብ በወራት ይለወጣል። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ የተገለጸው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀው መጋቢት 30 ቀን ነው፤ ክትባት የተጀመረው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ከክትባቱ በፊት «ትከተባለህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልስ ክትባቱ እጁ ከደረሰው ሰው መልስ ጋር አንድ አይሆንም።

ተገምግሟል? በመጽሔት ከመውጣቱ በፊት ሌሎች ባለሙያዎች ያላዩት ጽሑፍ «ቅድመ ኅትመት» ይባላል። በወረርሽኝ ጊዜ ቅድመ ኅትመቶች ይበዛሉ። መረጃውን ቶሎ ያደርሳሉ፤ ውሳኔ የሚመሠረትባቸው ግን አይደሉም።

ተሽሮ ይሆን? የታተመ ጥናትም ሊሻር ይችላል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2020 ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ስለ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የወጣ ጥናት፣ መረጃው ሊረጋገጥ ባለመቻሉ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰኔ 4 ቀን ተሽሯል። የጥናቱን ርዕስ እንደገና ፈልገው «ተሽሯል» የሚል ምልክት እንደሌለበት ያረጋግጡ።

ማን ከፈለ? ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት ብዙውን ጊዜ በጽሑፉ መጨረሻ ይጠቀሳል። መጠቀሱ ጥፋት አይደለም፤ ያልተጠቀሰበት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ምሳሌ፦ ከክትትል የቀሩ አባት

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። አባት የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። ወረርሽኙ ከተሰማ ወዲህ «ጤና ጣቢያ ሄጄ በሽታ አልሸምትም» ብለው ቀርተዋል። መድኃኒቱ ሊያልቅ ነው።

ልጃቸው በስልኳ ትፈልጋለች። በዳሰሳ ጥናቶች ሕክምና ፈልገው ያላገኙ ቤተሰቦች ምን ያህል እንደሆኑ ታያለች። ይህ «ስንት?» የሚለውን ይመልስላታል እንጂ አባቷን አያስረዳላትም። ቀጥላ የቃለ መጠይቅ ጥናት ታነብባለች፤ ሰዎች የሚቀሩት በሽታውን ፈርተው፣ ትራንስፖርት አጥተው፣ ወይም «ተቋሙ ለወረርሽኙ ብቻ ነው» ብለው ሊሆን እንደሚችል ትረዳለች። ጥናቱ የተሠራው በከተማ ሆስፒታል ስለሆነ የሷን አባት ምክንያት ገና አላወቀችም። ያገኘችው ግን ጥሩ ጥያቄዎችን ነው።

ስለዚህ አባቷን «ለምን አይሄዱም?» ብላ ከመጫን ይልቅ «የሚያስፈራዎ ሰልፉ ነው? መንገዱ ነው? ወይስ የሰማዎት ነገር አለ?» ብላ ትጠይቃለች። እሳቸውም ችግሩ የገበያ ቀን ግርግር መሆኑን ይነግሯታል። ወደ ጤና ጣቢያው ደውላ ሰው የሚያንስበትን ቀን፣ ለረዘም ላለ ጊዜ የሚበቃ መድኃኒት ሊሰጣቸው ይችል እንደሆነም ትጠይቃለች። አባትና ልጅ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው በማለዳ ይሄዳሉ። ጥናቱ የጠቀመው ትክክለኛውን ጥያቄ በማስያዝ ነው፤ መልሱ የተገኘው ከአባትና ከጤና ባለሙያው ነው።

ኔትወርክ ሲደክም ወይም ሳይኖር

• ኔትወርክ ባለበት ሰዓት ጽሑፉን አውርደው ያስቀምጡ፤ ኋላ ያለ ኢንተርኔት ያንብቡት።
• ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አኅጽሮቱን በአጭር መልእክት ወይም በቴሌግራም እንዲልክልዎ ይጠይቁ።
• የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ያነጋግሩ። ቤት ለቤት ስለምትሄድ ስልክ የሌላቸውንም ታውቃለች።
• አንድ ጥናት በክፍያ ከተዘጋ አይክፈሉ። በርዕሱ ሌላ ነጻ ቅጂ ይፈልጉ፤ ካጡ ለአጥኚው በኢሜይል ይጻፉ። ብዙዎቹ በደስታ ይልካሉ።
• ለእድር ወይም ለሰንበቴ ስታነቡ ከቁጥሩ ጋር «የተጠየቁት እነማን እንደሆኑ» አብራችሁ ንገሩ።

ጥንቃቄ

የታማሚን ስም፣ ፎቶ ወይም የምርመራ ውጤት በኢንተርኔት አይለጥፉ። መገለል ከበሽታው በላይ ሊጎዳ ይችላል። «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ነገር ግን የጥናቱን ርዕስና አጥኚ የማይጠቅስ መልእክት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፉ።

የሚከተሉት ሲያጋጥሙ ፍለጋውን ትተው ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፦

• መተንፈስ ማቃት ወይም የማያቋርጥ የደረት ሕመም፤
• ግራ መጋባት ወይም ለመንቃት መቸገር፤
• የከንፈር ወይም የፊት መጥቆር፤
• በነፍሰ ጡር ላይ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ፤
• በሕፃን ላይ ጡት መጥባት ማቆም ወይም መዝለፍለፍ።

በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335ን፣ የጤና ሚኒስቴር ደግሞ 952ን በነጻ የሚደወልባቸው መስመሮች አድርገው ነበር። አዲስ ወረርሽኝ ሲነሣ በሥራ ላይ ያለውን ቁጥር ከጤና ጣቢያዎ ይጠይቁና በግድግዳ ላይ ይጻፉት።

ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ እውቀት የቀረበ ነው፤ የጤና ባለሙያን ምክር አይተካም።